በቁጥር የሚሸጥ ችግኝ፦ ከደብረ ማርቆስ ዳር ስላለው የአትክልት ችግኝ መሸጫ

ከደብረ ማርቆስ ከተማ ወጣ ብሎ ወንዝ ዳር ከሚገኘው የአትክልት ችግኝ መሸጫ ላለፉት ሁለት ዓመታት ስገዛ ቆይቻለሁ። ይህን የምጽፈውም ጓሯቸውን ማልማት ፈልገው ችግኝ ከየት እንደሚያገኙ ለሚያስቡ ሰዎች ይጠቅማል ብዬ ነው።

በእኔ አስተያየት የመሸጫው ትልቁ ጥቅም ችግኝን በቁጥር መስጠቱ ነው። የጥቅል ጎመን ዘር ብዙ ጊዜ የሚሸጠው በቆርቆሮ ታሽጎ ሲሆን፣ አንዱ ግራም 300 ያህል ፍሬ ስለሚይዝ ባለ 50 ግራሙ ቆርቆሮ ከ10 ሺህ በላይ ፍሬ አለው ማለት ነው፤ ይህ ለመስኖ ገበሬ እንጂ አንዲት መደብ ብቻ ላለችው ቤት አይሆንም። የአበሻ ጎመን አገሩ እዚሁ ስለሆነ ሁለት እግር ሳንቆርጥ ብንተው ለከርሞ ዘር ይሰጠናል፤ ጥቅል ጎመን ግን ለማበብ ረጅም ብርድ ስለሚፈልግ ዘሩን ከጓሯችን አናገኝም። እዚህ አሥርም ሃያም ችግኝ መግዛት ይቻላል፤ ባለፈው መስከረም የአሥሩ ዋጋ ከአንድ ጥቅል ጎመን የገበያ ዋጋ አይበልጥም ነበር።

የችግኙ ጥራት ጥሩ ነው። ከመነቀሉ አስቀድሞ ለጥቂት ቀናት ውኃው ይቀነስና ጥላው ይነሳለታል፤ በዚህም ፀሐይ የለመደና ግንዱ የጠነከረ ይሆናል። ሥሩ እንዳይደርቅ በኮባ ጠቅልለው ይሰጣሉ። ከገዛኋቸው 20 የጥቅል ጎመን ችግኞች 18ቱ ጸድቀውልኛል። የሚሸጡት አዛውንት ገንዘብ ከመቀበላቸው በፊት «ልጄ፣ ውኃው ከየት ነው? ዶሮስ ትለቂያለሽ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ለዶሮዬ አጥር ሳላበጅ እንዳልተክል የመከሩኝ እርሳቸው ናቸው።

ቅሬታዬ በቲማቲሙ ላይ ነው። አዛውንቱ ባልነበሩበት ቀን፣ በጥቅምት፣ ከሠራተኞቹ የቲማቲም ችግኝ ገዛሁ፤ ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ እንደሚጥል እየታወቀ አንድም ሰው አላስጠነቀቀኝም። ፍሬ ሳይዝ በአንድ ሌሊት ጠቁሮ አደረ። እንዲህ ያለውን ምክር አዛውንቱ ኖሩም አልኖሩም ለገዢ ሁሉ መስጠት ይገባቸዋል።

ለዚህ ቦታ ያለኝ ምስጋና ግን ከአትክልቱም ያልፋል። እናቴ ዕድሜዋን በማቻከል ስታርስና ስትኮተኩት ኖራ ወደ እኔ ከመጣች በኋላ፣ ከተማው አልለምድላት ብሎ ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ትቀመጥ ነበር። መደቡ ከተዘጋጀ ወዲህ ማለዳ ተነሥታ አመድና ፍግ የምትበትነው፣ ለልጆቼ እያንዳንዳቸው የሚያጠጡትን ረድፍ የምታካፍለው፣ ሳሙና ያልነካው የእጣቢ ውኃ እንዳይደፋ የምትቆጣጠረው እርሷ ናት። በመስከረም መጨረሻ የተከልነው የአበሻ ጎመን ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ሲገባ ቅጠሉ ደርሶ ስለነበር፣ በዚያ ጾም ጎመን ከገበያ አልገዛንም።

ጎረቤቶቻችንም አጥሩን ተደግፈው ይጠይቋታል፤ እርሷም መልስ ብቻ ሳይሆን እፍኝ የበሶብላ ዘር ወይም የጤና አዳም ዝንጣፊ ትሰጣለች። ከአጥር ማዶ ያሉት እማሆይም ዘንድሮ የራሳቸውን መደብ አውጥተዋል። ከመንደራችን አንድ ቤት ሐዘን በተቀመጠበት የጾም ሳምንት፣ ሦስት ቤቶች ከየጓሯችን ጎመን ቆርጠን አብረን ወጥ ሠርተን ወስደናል፤ እናቴ ለዚህች ከተማ እንግዳ እንዳልሆነች ያየሁት ያን ቀን ድስቱን ይዛ ከፊት ስትሄድ ነው።

ለመግዛት የምትሄዱ ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ የሚቀረው የደከመው ችግኝ ነው። የገዛችሁትንም በኮባው እንዳለ ጥላ ውስጥ አቆይታችሁ፣ ፀሐይ ስትበርድ ቀድሞ ውኃ በጠጣ መደብ ላይ ትከሉት፤ ለጥቅል ጎመን በችግኞቹ መካከል 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ተዉ።