ለነፍሰ ጡርና ለአራስ የሚሰጠው የቤት ለቤት የጤና አገልግሎት፤ በአባይ ማዶ እንዳየነው

ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ተከራይተን በምንኖርባት ቤት የመጀመሪያ ልጃችንን ስንጠብቅ፣ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ከወሊድ በፊት ሁለት ጊዜ፣ ከወሊድ በኋላም ሁለት ጊዜ መጥታ አይታናለች። ክፍያ የለውም። በ1995 ዓ.ም. በገጠር የተጀመረው መርሐ ግብር ወደ ከተማ ሲመጣ ነርሶች እንዲሠሩበት ስለተደረገ ሰፈሩ ባለሙያዋን «ሲስተር» ነው የሚላት።

በመጀመሪያው ቀን የጠየቀችን «ምጡ ሌሊት ቢመጣ በምን ትሄዳላችሁ?» ብላ ነበር፤ እኔም መልስ አልነበረኝም። ከመሄዷ በፊት የሁለት ባለ ባጃጆችን ስልክ ጽፌ ከበሩ ጀርባ እንድለጥፍ አደረገች። ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም የፊትና የእጅ እብጠት ከታየ ቀጠሮ ሳይጠበቅ መሄድ እንደሚገባ ያስረዳችውም ለባለቤቴ ብቻ ሳይሆን ለእኔም ጭምር ነው። ጣና ዳር ወባ ስለማይታመን አጎበር እንዳለን ጠየቀች፤ ተጣጥፎ ቁም ሳጥን ላይ መቀመጡን ስታይ ሚስማር አስመትታ እዚያው አሰቀለችን። ጤና ጣቢያ ወረፋ ይዘን ብንቀመጥ ይህን ማን ያይልን ነበር?

ከወሊድ በኋላ ስትመጣ አማቴ ለሕፃኑ እትብት ለጋ ቅቤ አዘጋጅተው ነበር። አልተቆጣችም። «እማማ፣ ቅቤውን ለአራሷ ገንፎ ያድርጉልን፤ እትብቱ ምንም ሳይነካው ደርቆ ይውደቅ» አለቻቸው፤ ስለ ቁስል ማመርቀዝ ያነሳችው እሳቸው ስቀው ቅቤውን ወደ ጓዳ ከመለሱ በኋላ ነው።

ቅሬታዬ በጊዜው ላይ ነው። አራስና ሕፃን በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት፣ ከዚያም በ3ኛውና በ7ኛው ቀን አካባቢ መታየት ሲገባቸው፣ ልጃችን የተወለደበት ተቋም ለሰፈራችን ባለሙያ ባለማሳወቁ እኛ ቤት የተደረሰው በ6ኛው ቀን ነው። በ4ኛው ቀን የልጁ ዓይን ቢጫ ሲሆን «ፀሐይ ያጠፋዋል» ብለን በረንዳ ላይ ስናሞቀው ዋልን፤ በማግሥቱ ቢጫነቱ ወደ ሆዱ ሲወርድ ደንግጠን ሐኪም ቤት ወሰድነው፤ ደግነቱ ለክፉ አልሰጠም። ቢጫነቱ መዳፍና ውስጥ እግር ከደረሰ አንድ ሰዓትም እንደማያስጠብቅ የሰማነው ሲስተር ከመጣች በኋላ ነው።

ስለዚህ በእርግዝናው ወቅት ስልኳን ተቀብሎ በወለዱበት ዕለት ራስ መደወል ይሻላል። ጎረቤታችን እንዲህ አድርጋ በማግሥቱ መጥታላታለች።