ዚንክና ኦአርኤስ ለልጄ፡ ከ5 ኮከብ 4

ይሄ ሪቪው ስለ ሁለት በጣም ርካሽ የተቅማጥ ነገሮች ነው፣ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) እና የዚንክ ፍሬ። የ14 ወር ልጄን ማክሰኞ ሌሊት ተቅማጥ ጀመራት፣ እማዬ «ጥርስ ልታወጣ ነው፣ ተያት» አለችኝ፣ እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር አደረና ሲነጋ ሰፈር ያለ የግል ክሊኒክ ይዣት ሄድኩ፣ ሰገራ ተመረመረ፣ «አሜባ ሳይሆን አይቀርም» ተባልኩ፣ የፍላጅል ሽሮፕና ሌላ አንቲባዮቲክ ታቅፌ ወጣሁ። ስለ ኦአርኤስ ትንፍሽ ያለ ሰው የለም።

በማግስቱ አልሻላት ሲል ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሲስተሯ ደም አለው ወይ፣ ትጠባለች ወይ ብላ ጠየቀችኝና የሆዷን ቆዳ ቆንጠጥ አርጋ ለቀቀችው፣ ወዲያው ተመለሰ፣ «ብዙ ፈሳሽ አላጣችም» አለች። ከዛ ሁለት ፓኬት ኦአርኤስና 10 ፍሬ ዚንክ። አንዱን ፓኬት በሁለት ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ነው የምትበጠብጪው፣ በአንዱ ብቻ ካረግሽው ጨው ይበዛባታል፣ 24 ሰዓት ካለፈው ድፊው አለችኝ። ዚንኩን ደግሞ ማንኪያ ላይ በጡት ወተት አሟሙታ አሳየችኝ፣ ተቅማጡ ቢቆምም 10 ቀን መጨረስ አለበት፣ ለቀጣይ ሁለት ሦስት ወርም ይከላከልላታል።

ቤት ገብቼ ሳነብ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ለተቅማጥ ዚንክን ከኦአርኤስ ጋር ስጡ ያሉት በ2004 እ.ኤ.አ ነው! ከ20 ዓመት በላይ ሆኖት እዚህ ሰፈራችን ክሊኒክ ያልደረሰው በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው? ግን እኛም አለንበት፣ ኦአርኤስ የወጣውን ውሃ ይተካል እንጂ ተቅማጡን ቀጥ አያረገውም፣ ስለዚህ «ውሃ ሰጥተው ሸኙኝ» እንላለን፣ ሽሮፕ ካልያዝን የታከምን አይመስለንም።

አንድ ኮከብ የቀነስኩት ዚንኩ ብረት ብረት ስለሚል ነው፣ የመጀመሪያ ቀን አስመለሳት። በ2020 የወጣ ህንድና ታንዛኒያ ውስጥ 4,500 ልጆች ላይ የተሰራ ጥናት 5 ወይ 10 ሚሊግራምም ከ20 ያልተናነሰ እንደሚሰራና ትውከቱም እንደሚቀንስ አሳይቷል፣ የኔ ፍሬ ግን አሁንም ባለ 20 ነው (በራሳችሁ ግን እንዳትቆርጡት፣ ባለሙያ ጠይቁ)። የዚንኩ መመሪያ ወረቀትም ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ሲስተሯ ባታሳየኝ ምን ልረዳ ነበር?

በሦስተኛው ቀን ቆመላት፣ 10ሩንም ጨረሰች። እማዬ አሁንም ጥርስ ነበር ትላለች፣ እውነትም ታች በኩል አንድ ነጭ ነገር ብቅ ብሏል 😅