ጩኸታሙን ማርሚታ ጸጥ ላሰኙልን ባለሙያ ምስጋና

ለዚህ ሥራ «እጅዎ ይባረክ» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ድምፅ ብዙም የማያፍነው የስፖርት ማርሚታ (ማርሚታ የጭስ መውጫው ድምፅ ማፈኛ ነው) ወርዶ ጸጥተኛው ከተገጠመ ወዲህ መኪናው ውስጥ ሳይጮኹ መነጋገር ተቻለ፤ ሌሊት ሞተር ሲነሳ ጎረቤት አይባንንም፤ ኋላ ወንበር ላይ የተኛ ልጅ እንደተኛ ይደርሳል። ሥራውን የሠሩት ጋሼ ስማቸው በአደባባይ እንዲነሳ አልወደዱም፣ ፈቃዳቸው ይከበር። ሥራቸው ግን መነገር አለበት። እንዴት እንደሠሩት በዝርዝር ልጻፈው፤ የትም ቦታ እንዲህ የሚሠራ ሰው ካገኛችሁ መኪናችሁን ሳትሰጉ ስጡት።

ከእሳቸው በፊት የተሞከረው ሁሉ ያንገበግባል። አንዱ ጋራዥ ማርሚታውን ብቻ ለሁሉም መኪና ይሆናል በተባለ ሌላ የስፖርት ማርሚታ ለወጠና ወፍራሙን ቱቦ እንዳለ ተወው፤ ጩኸቱ ወደ ጉርምርምታ ተለወጠ እንጂ አልቀነሰም። ሌላው በጭስ መውጫው ጫፍ የብረት ሱፍ ጠቀጠቀ፤ ሱፉ በጭሱ ግፊት ተተፍቶ መንገድ ላይ ቀረ። ሌላው ደግሞ 63 ሚሊ ሜትሩን መውጫ ወደ 30 ገደማ የሚያጠብ ማፈኛ በአንድ ብሎን አስሮ ሸጠ፤ ድምፁ ትንሽ ቢወርድም መኪናው ዳገት ላይ አቅም አጣ። ጭሱን የሚያጸዳውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር «አያስፈልግም፣ እናውጣው» ያለም ነበር። በውስጡ ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም እንዳለና እነሱ ዋጋ እንደሚያወጡ ግን አልተነፈሰም። የባትሪውን ኔጋቲቭ ሳይነቅል ብየዳ ሊጀምር የተነሳውስ? የብየዳው ከረንት የሞተሩን ኮምፒውተር ሊያቃጥል እንደሚችል ሲነገረው «ሁሌም እንዲህ ነው የምንሠራው» አለ። የሠሩት ሁሉ ገንዘባቸውን ተቀብለዋል፤ ከመኪናው ሥር ገብቶ ድምፁ ከየት እንደሚወጣ የፈለገ ግን አንድም አልነበረም።

ጋሼ የጀመሩት በማዳመጥ ነው። መኪናው እሳቸው ጋ አድሮ ሞተሩ በደንብ ቀዝቅዞ ሳለ ጠዋት አስነሱት። ብረት ሲሞቅ ስለሚለጠጥ ትንሽ ክፍተት በሙቀት ይደፈናል፤ በቀዝቃዛው ጊዜ ግን የሚያፈስ መገጣጠሚያ ቲክ ቲክ እያለ ራሱን ያጋልጣል። ወፍራም ጓንት አጥልቀው የጭስ መውጫውን በተጣጠፈ ጨርቅ ለጥቂት ሴኮንድ ዘጉት። መስመሩ ደህና ቢሆን ግፊቱ ጨርቁን እየገፋ ሞተሩ መታፈን ይጀምር ነበር። እዚህ ግን ከፊት በኩል ፉጨት መጣ። የሳሙና ውሃ ሲረጩ አረፋው የተነሳው ከማርሚታው ሳይሆን ከካታሊቲኩ በፊት ካለው ፍላንጅ፣ ሁለት ቱቦ በብሎን ከሚጋጠምበት፣ ነው።

ይህ ቀላል ግኝት አይደለም። ጭስ በመስመሩ ውስጥ የሚሄደው በምት በምት እየተገፋ ስለሆነ፣ በሁለት ምት መካከል ግፊቱ ሲወርድ ክፍተቱ የውጭ አየር ይስባል። ከፊት ያለው፣ በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚለካው ኦክስጅን ሴንሰር ያንን አየር አይቶ ነዳጅ እንዳነሰ ይነግራል፣ ኮምፒውተሩም ነዳጅ ይጨምራል፣ መኪናው በከንቱ ነዳጅ ይበላል። ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ወደ ውስጥ ከገባ ሳያስጠነቅቅ ሰው ይጥላል። እና ያን ሁሉ ጊዜ ሰዎች ጫፉ ላይ ሱፍ ሲጠቀጥቁ ነበር።

ዋናው ጥፋት የተገኘው መሃል ላይ ነው። የስፖርት ማርሚታውን የገጠመው ሰው ሬዞኔተሩን፣ ከማርሚታው በፊት ሆኖ ጉርምርምታውን የሚያበርደውን ዕቃ፣ ቆርጦ በቦታው ቀጥ ያለ ቱቦ በይዶበታል። ሞተሩ ባለ አራት ሲሊንደር ስለሆነ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይተኩሳል፤ በደቂቃ 2400 ሲዞር በሴኮንድ 80 ምት ማለት ነው። ይህ ደረት የሚያንቀጠቅጥ ወፍራም ድምፅ ነው። የስፖርት ማርሚታ ደግሞ ሥሪቱ በቀዳዳ የተወቀረ ቀጥተኛ ቱቦ ሆኖ ዙሪያው የመስታወት ሱፍ ነው፤ ሱፉ ቀጭኑን ድምፅ ይውጣል፣ በወፍራሙ ላይ ግን አቅሙ ደካማ ነው። ሱፉ እየተቃጠለ ሲበን ደግሞ ቀጭኑም ይለቀቃል። ጋሼ አሮጌውን ማርሚታ አንኳኩተው አሳዩን፤ ባዶ ቆርቆሮ ሆኖ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ሰውየው የሚከበሩት። ትልቅና ውድ ማርሚታ መደርደሪያቸው ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ቢሸጡት ማንም አይጠይቃቸውም። «ይሄ ለእናንተ አይሆንም» ብለው ተዉት። የመረጡት መካከለኛ መጠን ያለው፣ ውስጡ በግድግዳ የተከፋፈለ ማርሚታ ነው። ጭሱ ከክፍል ወደ ክፍል እየተመለሰ ሲያልፍ የድምፁ ሞገድ ግድግዳ እየመታ ተመልሶ ራሱን ያጠፋል። በቆረጡት ቱቦ ቦታ ሬዞኔተር መለሱ። ቱቦውን ለ1.6 ሊትር ሞተር ከሚበዛው 63 ሚሊ ሜትር ወደ 50 አወረዱት፤ መጋጠሚያው ላይ ቀስ እያለ የሚጠብ ኮን ተጠቀሙ እንጂ ድንገት የሚደነቅፍ ደረጃ አልሠሩም። ካታሊቲኩን አልነኩትም፤ ጭሱን ከማጽዳቱ ሌላ እሱም ድምፅ ይሰብራል።

አፈታቱ በራሱ ትምህርት ነበር። ከዋዜማው ጀምሮ የዛጉ ብሎኖች ላይ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ረጭተው አሳደሩ። እንቢ ያለውን ዳዶ በጉልበት ሳይሆን በእሳት አሞቁት፤ ዳዶው ሲሰፋ ይላቀቃል፣ በጉልበት ከሆነ ግን ብሎኑ ይሰበርና ሌላ ሥራ ይወልዳል። ሴንሰሩን መጀመሪያ ሶኬቱን ነቅለው ሽቦው ሳይጠመዘዝ አወጡት። ሲመልሱት ለሙቀት የሚሆን የመዳብ ቅባት ጥርሱ ላይ ብቻ ቀብተው፣ ጫፉን ሳይነኩ፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቶርክ መፍቻ ወደ 45 ኒውተን ሜትር አሰሩት። መገጣጠሚያው እንዳያፈስ መሃሉ የሚገባውን አሮጌ የግራፋይት ጋስኬት መልሰው አልገጠሙም፤ አንዴ ከተጨፈለቀ ሁለተኛ አይገጥምምና።

ብየዳው ሲጀመር ባትሪው ተነቅሎ ነበር፣ የብየዳው መሬት ሽቦ ደግሞ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ተቆነጠጠ። መጀመሪያ ሁሉንም በነጥብ ብየዳ ብቻ አያያዙት። ከዚያ መኪናውን ከሊፍቱ አውርደው በጎማው አቆሙት፤ መኪና ተሰቅሎ እያለ የኋላው አክስል ወደታች ስለሚንጠለጠል ቱቦው የራቀ ይመስላል፣ ሲወርድ ግን ይነካል። ከአካሉ፣ ከነዳጅ መስመሩና ከፍሬን ቱቦው ቢያንስ 25 ሚሊ ሜትር መራቁን በእጃቸው እየለኩ ሄዱ፤ እስኪያልቅ የበየዱት ከዚያ በኋላ ነው። ማንጠልጠያ ጎማዎቹ ተሰነጣጥቀው ስለነበር ሁሉንም ለወጡ፤ የደረቀ ጎማ የቱቦውን ንዝረት ወደ ወለሉ ያስተላልፋል፣ ማርሚታው አዲስ ቢሆንም የመኪናው ውስጥ ያስተጋባል። ብየዳው ያነደደውን የአሉሚኒየም ሽፋን ሙቀት በሚችል ቀለም ሸፈኑት፣ አለዚያ ዝገት ከዚያው ይጀምራል።

ማርሚታው ሥር ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ ደግሞ ሆን ብለው ተዉአት። ብዙ በያጅ ሽንቁር መስላው ይደፍናታል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይወጣል፤ አጭር መንገድ የሚሄድ መኪና ማርሚታው ሳይሞቅ ስለሚቆም ውሃው እዚያው ይጠራቀምና ከውስጥ ይበላዋል። ቀዳዳዋ የተሠራችው ለዚያ ማፍሰሻ ነው።

ሥራው አለቀ ተብሎ ሒሳብ ከተከፈለ በኋላ ጋሼ «ቆዩ» አሉ። መስኮቱን ዘግተው፣ ራዲዮኑን አጥፍተው፣ ራሳቸው ነዱት፤ በከፍተኛ ማርሽ ከ1800 እስከ 2500 ዙር ያለውን፣ ጉርምርምታው የሚወጣበትን፣ እየተመላለሱ አዳመጡ። ጉርምርምታ የለም። ግን ጉድጓድ ላይ አንዲት ኳ የምትል ድምፅ ሰሙ፣ እኛ ያልሰማናት። ተመልሰው ከመኪናው ሥር ገቡ፣ የኋላውን ማንጠልጠያ ፈትተው ጥቂት ሚሊ ሜትር አዛወሩ፣ እንደገና ነዱ። ለዚህ ምንም አልጨመሩም፤ እንክፈል ሲባሉም ተቆጡ። ከሁሉም የሚያስመሰግናቸው ይሄ ነው።

አዲስ መስመር ያስገጠማችሁ ሁሉ በመጀመሪያው ጉዞ ጭስና የሚቃጠል ሽታ ብታዩ አትደንግጡ፤ ከፋብሪካ የተቀባው ዘይት ነው የሚነደው፣ ሲሞቅ ይጠፋል። ካልጠፋ፣ ወይም ሽታው ውስጥ ከገባ፣ ቁሙና አስፈትሹ። ቱቦውን የሚያስሩት ክላምፖች ጥቂት ጊዜ ሞቀው ከቀዘቀዙ በኋላ ስለሚላሉ ተመልሳችሁ አስጠብቁ፤ ጋሼ ራሳቸው ደውለው «አምጡት፣ ላጥብቀው» ብለዋል። ባትሪ ሳይነቅል የሚበይድ፣ ሳያዳምጥ የሚቆርጥ፣ ካታሊቲክ እናውጣ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ። የሚያዳምጥ ካገኛችሁ ግን ለወዳጅ ዘመድ ሁሉ ንገሩ፤ እንዲህ ያለ ባለሙያ እንጀራው ሊሰፋለት ይገባል።

ጋሼ፣ እጅዎን ይባርከው፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ለማጥበቂያው ሳምንት እንመጣለን።