ለኮንትሮል ኢንጅነራችን ምስጋና፣ ደብረ ብርሃንና አካባቢው ፋብሪካ ላላችሁ ደግሞ ጥቆማ

ሰላም የሰሜን ሸዋ ሰዎች፣ አንድ ልጅ ሳላመሰግን ባልፍ ደስ አይለኝም። ደብረ ብርሃን ውሃ ማሸጊያ ውስጥ ፕሮዳክሽን ላይ ነው የምሰራው። የመሙያው መስመር በየመሀሉ ቀጥ ይልብን ነበር፣ አላርም ያወጣል፣ ሪሴት ስናደርገው ይነሳል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ያው። በፊት የመጡት ባለሙያዎች ሴንሰር ቀያየሩ፣ አልሆን ሲል ፒኤልሲው (ማሽኑን የሚያዘው ኮምፒውተር) ሞቷል አዲስ ግዙ አሉን፣ እሱ ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ እቃ ነው።

ይሄ ልጅ ግን ምንም ሳይፈታ ላፕቶፑን ፒኤልሲው ላይ ሰክቶ ዝም ብሎ ማየት ጀመረ። በኋላ "ጋሼ ይቺን መብራት ይዩልኝ" ብሎ ጠራኝ። ኮንቬየሩ ላይ አንድ ጠርሙስ የለም፣ ሞተሩ ሲነሳ ግን የፎቶሴሉ (ጠርሙስ ሲያልፍ በብርሃን የሚያየው ሴንሰር) ኢንፑት መብራት ብልጭ ብልጭ ትላለች፣ ለካ ፒኤልሲው የሌለ ጠርሙስ እየቆጠረ ነው የሚቆመው! የሴንሰሩ 24 ቮልት ገመድና ከኢንቨርተሩ (የሞተሩን ፍጥነት ከሚቆጣጠረው እቃ) ወደ ሞተር የሚሄደው ባለ 380 ቮልቱ ገመድ አንድ ትሬይ ውስጥ ተጠላልፈው ነው የተዘረጉት፣ ኢንቨርተር ደግሞ በሰከንድ በሺዎች ጊዜ እየከፈተ እየዘጋ ስለሚሰራ ኖይዙ (የኤሌክትሪክ ረብሻው) የሴንሰሩ ሲግናል ውስጥ ይገባል። ገመዶቹን ለያየ፣ የሞተሩን ገመድ ሺልድ (ኖይዝ የሚከላከል ሽፋን) ባለው ቀየረ፣ ግራውንዲንጉን አስተካከለ፣ በቃ። ያው "ሞተ" የተባለው ፒኤልሲ ነው አሁንም የሚሰራው።

ከሁሉ በላይ ያከበርኩት ግን በበሩ ጉዳይ ነው። የማሽኑ መከለያ በር ስዊች ከድሮ ጀምሮ በጃምፐር (በአቋራጭ ሽቦ) ታስሮ ስለነበር በሩ ተከፍቶም ማሽኑ ይዞር ነበር፣ ማንም አልጠየቀውም፣ እሱ ግን ጃምፐሩን ነቅሎ ስዊቹን መልሶ አሰረና በሩ ሲከፈት ማሽኑ መቆሙን እፊታችን ደጋግሞ ሳይሞክር አልሄደም። እዛ ጋ ቆመው የሚውሉት እህቶቻችን ናቸው፣ እጁ ይባረክ።

ስክሪኑ ላይ የሚወጣውንም አላርም በአማርኛ አደረገልን፣ "ጠርሙስ ወድቋል" "በር ክፍት ነው" ይላል፣ ኦፕሬተሮቹ አሁን ቁጥር እያዩ አይገምቱም። ፕሮግራሙን ያለ ፓስወርድ በፍላሽ ሰጥቶን ነው የሄደው፣ ሌላው እኮ ቆልፎ ይሄድና ለትንሹም ለትልቁም እሱኑ እንድትጠራ ያደርግሃል።

ደብረ ብርሃንም ጫጫም ሸዋ ሮቢትም ያላችሁ የምትፈልጉት ካላችሁ በኢንቦክስ አውሩኝ፣ እሱን አስፈቅጄ ስልኩን እሰጣችኋለሁ። የፓነሉን የኤሌክትሪክ ስዕል ፈልጋችሁ አዘጋጁለት፣ ገና ሲገባ የሚጠይቀው እሱን ነው።