መስቀለኛ ያጊ፦ መቀያየሪያ ያለው ይሻላል ወይስ የሌለው?

በ145 እና በ435 ሜጋኸርዝ በአማተር ሬዲዮ ሳተላይቶች በኩል ለመገናኘት መስቀለኛ ያጊ (በአንድ ግንድ ላይ በመስቀል ቅርፅ የታሰሩ ሁለት ባለ ዘንግ አንቴናዎች) የሚፈልግ ሰው ምርጫው በዋናነት ሦስት ነው፤ የሚለያዩትም በፖላራይዜሽን፣ ማለትም ሞገዱ በሚወዛወዝበት አቅጣጫ ነው። አንዱ በቀኝ ዙር (ሞገዱ ወደ ቀኝ እየተሽከረከረ በሚሄድበት ክብ ፖላራይዜሽን) ብቻ የታሰረ ነው፤ ሁለተኛው ቀኝና ግራ ዙርን ይቀያይራል፤ ሦስተኛው የማይሽከረከሩትን ቀጥታ ዓይነቶች፣ አግድምና ቁመታዊን ጨምሮ አራቱንም ይሰጣል። አሉሚኒየሙ በሦስቱም ያው ስለሆነ፣ ጭማሪው የሚከፈለው ለሪሌይ (በኤሌክትሪክ ለሚሰራው መቀያየሪያ) ሳጥኑ ነው። በእኔ ግምት ሳጥኑ በሚሰሙበት ባንድ ላይ ዋጋውን ያወጣል፤ በሚልኩበት ባንድ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ትርፍ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከሳተላይቱ ነው። ብዙዎቹ ትንንሽ ሳተላይቶች ቀጥ ያለ ዘንግ አንቴና ይዘው እየተገለባበጡ ይሄዳሉ። የተራ ያጊ ዘንጎች ለሞገዱ አቅጣጫ ቀጤ ነክ ሲሆኑ 20 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ያጣል (የሚቀረው ኃይል መቶኛው ወይም ከዚያ በታች ነው)፤ ሲግናሉ በጩኸቱ ውስጥ ይሰምጣል ማለት ነው። በክብ ዙር የታሰረ መስቀለኛ ያጊ ግን ሳተላይቱ እንዴትም ቢዞር የሚያጣው 3 ዴሲቤል፣ ማለትም የኃይሉን ግማሽ ብቻ ነው። ለጀማሪ ይህ በቂ ነው፤ የሚበላሽ ሪሌይም የለውም።

ነገር ግን ራሳቸው በክብ ዙር የሚያሰራጩ ሳተላይቶችም አሉ። እንዲህ ያለው አንቴና በአንድ ፊቱ ቀኝ ዙር፣ በጀርባው ግራ ዙር ያወጣል፤ ከጎኑ ሲታይ ደግሞ ቀጥታ ነው። ስለዚህ በቀኝ ዙር የወጣ ሳተላይት ሲጠልቅ ግራ ዙር ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ያኔ በቀኝ የታሰረው አንቴና ልክ ለሞገዱ ቀጤ ነክ እንደሆነው ተራ ያጊ ብዙ ያጣል። መቀያየሪያ ያለው ሰው ድምፁ ሲሳሳ ቁልፉን ይጫናል፤ ድምፁ ብድግ ካለ ዙሩ ተገልብጧል ማለት ነው። በሁለቱም ቦታ እኩል ከተሰማ ግን ሞገዱ ለጊዜው ቀጥታ ስለሆነ ቁልፉን መነካካት አይጠቅምም።

በሚልኩበት በኩል 3 ዴሲቤል ቢጎድል ኃይልን እጥፍ በማድረግ ይካካሳል። ከሳተላይቱ የሚመጣውን ግን ከዚህ ሆነን ልንጨምርለት አንችልም። ኤስኦ-50 እና አርኤስ-44ን የመሳሰሉት ሳተላይቶች በ145 ተቀብለው በ435 ስለሚመልሱ፣ ገንዘብዎ ለአንድ ሳጥን ብቻ ከበቃ ለ435 ያድርጉት። ኤኦ-7 የተባለውን ሳተላይት በ435ቱ ባንድ እየላኩ በ145 ለሚሰሙ ግን ነገሩ ይገለበጣል።

ለ435 ተዘጋጅቶ የተሰራውን የምመርጥበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ክብ ዙር ብዙውን ጊዜ የሚገኘው የአንዱ ያጊ ገመድ በሩብ የሞገድ ርዝመት ሲረዝም ነው። በተለመደው ኮአክስ (ሞገዱ በአየር ላይ ካለው ፍጥነት በ0.66 እጥፍ በሚሄድበት የአንቴና ገመድ) ይህ በ435 ሜጋኸርዝ 11.4 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። እዚያ ላይ 1 ሴንቲሜትር መሳሳት ወደ 8 ዲግሪ ያዛንፋል፤ በ145 ግን ከ3 ዲግሪ አይበልጥም። መቁረጫና ብየዳ የሚወድ ሰው የ145ቱን ራሱ ይስራ።

አራት ቦታ ያለው ሳጥን የሚያስፈልገው በዚያው አንቴና ምድር ላይም ለሚሰራ ነው፤ ኤስኤስቢ (የድምፅ ስርጭት ዓይነት) እና ሲደብሊው (የሞርስ ኮድ) በአግድም፣ የኤፍኤም ሪፒተር (ሲግናል ተቀብሎ መልሶ የሚያሰራጭ ጣቢያ) በቁመታዊ ይሰራልና። ለሳተላይት ብቻ ከሆነ ጭማሪው ብዙም አያጓጓም። ሪሌይና ማያያዣ በበዛ ቁጥር ብክነት ይጨምራል፤ ከፕሪአምፕሊፋየሩ (ደካማውን ሲግናል አንቴናው አጠገብ ከሚያጎላው መሣሪያ) በፊት የባከነ ግማሽ ዴሲቤል ደግሞ እንዳለ ጩኸቱ ላይ ይደመራል። የሪሌዩ የኃይል አቅምም በ435 ሜጋኸርዝ ስንት እንደሆነ ይጠየቅ፤ በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ የተጻፈው ቁጥር እዚህ አይሰራም። እየላኩ መቀያየር የትኛውንም ሪሌይ ያቃጥላል።

ሪሌይ የሌለበት መንገድም አለ፦ ሁለቱን ያጊዎች በየራሳቸው ፕሪአምፕሊፋየርና ገመድ አውርዶ ባለ ሁለት ቻናል ሪሲቨር ላይ መሰካት። ፖላራይዜሽኑን ሶፍትዌሩ ያዋህዳል። በ144 ሜጋኸርዝ ከጨረቃ ላይ አንጥረው ለሚገናኙ፣ የሞገዱ አቅጣጫ አዮኖስፌር በሚባለው የላይኛው የከባቢ አየር ክፍል ውስጥ ስለሚሽከረከር ይህ ትልቅ እገዛ ነው። ዕቃው ሁሉ እጥፍ ስለሚሆን ለመጀመሪያ ግዢ አልመክረውም።

ፎቶ አይተው ከመግዛትዎ በፊት ኤለመንቶቹን (የአንቴናውን ዘንጎች) ይቁጠሩ። ታዋቂው በእጅ የሚያዘው አሮው አንቴና ሲያዩት መስቀለኛ ነው፤ ግን 3ቱ ኤለመንት ለ146፣ 7ቱ ለ437 ሜጋኸርዝ ናቸው፤ እያንዳንዱም ቀጥታ ፖላራይዜሽን ብቻ አለው። በእጅ ለሚይዘው ሰው ግን የእጅ አንጓው ራሱ መቀያየሪያ ነውና ይህ እንደ ጉድለት አይቆጠርም። ምሰሶ ላይ የሚተከለው ደግሞ በመደመር ምልክት ሳይሆን በኤክስ ቅርፅ ቢታሰር ይመረጣል፤ በመደመር ሲሆን ቁመታዊዎቹ ኤለመንቶች ከብረት ምሰሶው ጋር ትይዩ ሆነው ይረበሻሉ። ምሰሶው ፋይበርግላስ ከሆነ፣ ወይም አንቴናው ከኋላው የሚታሰር ከሆነ፣ ሁለቱም ያስኬዳሉ።