ለማድያት የገዛሁት ባለ ቀለም የፀሐይ መከላከያ ክሬም

ክሬሙ ይሠራል። ቀለሙ ግን ለእኛ አልተሠራም።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ ጠዋት በሰልፍ፣ ቀን በትምህርት ቤቱ ሜዳ ከፀሐይ አልጠፋም። «በዚህ ብርድ የምን ፀሐይ?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ከተማችን ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይበረታል። ብርዱ ያዘናጋል እንጂ አይከላከልም። በጉንጮቼና ከላይኛው ከንፈሬ በላይ ያለው ማድያት ሁለተኛ ልጄን ሳረግዝ የወጣ ነው።

ቀድሞ የምቀባው ቀለም የሌለው፣ 50 የሚል ቁጥር የተጻፈበት ነበር። ቁጥሩ በዋነኛነት የሚናገረው ቆዳን ስለሚያቃጥለው ጨረር ነው። በዐይን የሚታየው ብርሃንም፣ በተለይ ሰማያዊውና ወይን ጠጁ፣ ጠይም ቆዳን ያጠቁራል፤ ማድያትንም ያባብሳል። በጣም ነጭ ቆዳ ላይ ይህ እምብዛም አይታይም። እንግዲህ ተቀብተነው ፊት ላይ የማይታይ ክሬም ይህን ብርሃን አሳልፎታል ማለት ነው። ባለ ቀለሙ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የብረት ኦክሳይድ ስላለበት ብርሃኑን ይይዘዋል። ቱቦው ጀርባ ላይ ብረት ኦክሳይድ የሚል ካላገኛችሁ ገንዘባችሁን ያዙ።

ሳጥኑ ላይ «ለሁሉም የቆዳ ቀለም» ይላል። እኔ ፊት ላይ ሲደርቅ አመድማ ሮዝ ይሆናል፤ ተማሪዎቼ «መምህር፣ አመመዎት እንዴ?» ብለውኛል። ለቆዳ ቀለም የሚሰጠውን ሜላኒን የሚሠሩት ሕዋሳት ቁጥር በነጭም በጥቁርም ቆዳ ተቀራራቢ ነው፤ ልዩነቱ የሚያመርቱት የቀለም ቅንጣት መጠንና ብዛት ላይ ነው እያልኩ አስተምራለሁ። የዚህ ክሬም ፋብሪካ ክፍሌ ገብቶ አያውቅም። ከብረት ኦክሳይድ ይበልጥ የሚጠቀመው ጠይም ሰው ሆኖ ሳለ ቀለሙን ለፈረንጅ ጉንጭ መቀመም ያናድዳል። እኔ ክሬሙ ሲደርቅ ከላዩ ቡናማ ፓውደር አደርግበታለሁ።

ሽታ የለውም፤ ሲያልበኝም ዐይኔን አያቃጥለኝም። ነጠላ ግን ያበላሻል፤ የነካው ጠርዝ በአንድ እጥበት አይለቅም። ለፊትና ለአንገት የሁለት ጣት ርዝመት ያህል ስለሚፈልግ 50 ሚሊ ሊትሩ ቶሎ ያልቃል፤ ቆጥቦ መቀባት ደግሞ መከላከያውን ያሳሳዋል። ዋጋውን ለመምህር ደመወዝ አላሰቡትም።

የጉንጬ ማድያት ጠርዙ ሳስቷል። ከከንፈሬ በላይ ያለው እንዳለ ነው፤ አልተገረምኩም፤ ክሬሙ አዲስ ቀለም እንዳይጨመር ያግዛል እንጂ ወደ ታችኛው የቆዳ ክፍል የወረደውን አያወጣም። ያ የቆዳ ሐኪም ሥራ ነው። ክሬሙን ስገዛ አንድ መዋቢያ ሻጭ «ይህ በሳምንት ያጠራዋል» ብሎ ስሙም ይዘቱም ያልተጻፈበት ብልቃጥ አሳይቶኝ ነበር። በእንደዚህ ዓይነቶቹ ውስጥ ሜርኩሪ ወይም ኃይለኛ ስቴሮይድ ሊኖር ይችላል። የቆዳን ጥቁረት የሚያሳሳው ሃይድሮኪኖን የሚባለው መድኃኒትም ቢሆን ያለ ሐኪም ክትትል ለረጅም ጊዜ ከተቀቡት ራሱ ሰማያዊ የሚመስል ጥቁረት ሊያመጣ ይችላል፤ እሱን ማስለቀቅ ደግሞ ከማድያቱ ይከፋል።

ከአምስት ሦስት ኮከብ ሰጥቼዋለሁ፤ አንዱን በቀለሙ፣ አንዱን በዋጋው ቀንሼ። ጠቆር ያለ ዓይነት አዲስ አበባ ያገኘ ሰው ካለ የት እንደሚሸጥ ይጻፍልኝ።