ከዲዝኒ ጎን እናወጣዎታለን የሚሉ የላይሰንሲንግ መጽሔቶችን ተጠንቀቁ

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ገጸ ባሕርይ ወይም ብራንድ ፈጥራችሁ ለአምራቾች በላይሰንስ ለመስጠት፣ ማለትም እየከፈሉ ምርታቸው ላይ እንዲያወጡት ለመፍቀድ፣ የምትሯሯጡ ሁሉ እነዚህን የኦንላይን መጽሔቶች ታውቋቸዋላችሁ። የላስ ቬጋሱ የላይሰንሲንግ ኤክስፖ ሲቃረብ ኢሜይላቸው ይዘንባል። «ኤዲተራችን ሥራዎን ወዶታል፤ በልዩ እትማችን ከዲዝኒ ጎን እናወጣዎታለን።» በዚህ ዘርፍ ዲዝኒ አናት ላይ መሆኑን የማያውቅ የለማ! ከዚያ ቃለ መጠይቅ፣ ከዚያ ፎቶ። ኢንቮይሱ መጨረሻ ላይ ብቅ ይላል። ስሙም «የገጽ መዋጮ» ነው።

ከፈልኩ። የእኔ ገጸ ባሕርይ ጃርት ናት፤ የልጆች ቦርሳና ፒጃማ ላይ እንድትወጣልኝ ነበር ሐሳቤ። እትሙ ሲወጣ ሊንኩን ከፈትኩት። ርዕሱ ላይ ስሟ አለ። ሥዕሏም አለ፣ ያውም አምሮባት። ደስ እያለኝ ወደ ታች ወረድኩ። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ «ይህ የኃይል ሰጪ መጠጥ በወጣት ስፖርተኞች ዘንድ...» ይላል። መለስ ብዬ አነበብኩት። ጃርቴ መጠጥ ሆናለች! ለሌላ ደንበኛ የጻፉትን ወስደው ስም ቀይረው ለጥፈውታል፤ እዚያ ጋ ሲደርሱ መቀየሩን ረስተውታል። ያን ሁሉ ካወራሁት አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አልገባም። ከግርጌው ደግሞ በደቃቃ ግራጫ ፊደል «የተከፈለበት ይዘት» ተብሏል። አንድ የፒጃማ አምራች ይህን አይቶ ይደውልልኛል?

ደወልኩላቸው። ቃለ መጠይቁን ያደረገችልኝ፣ ያኔ ማር የነበረችው ልጅ አነሳች። «ጌታዬ፣ ዋናው ስምዎ መውጣቱ አይደል?» አለችኝ። ጃርት እኮ አይጠጣም ስላት ሳቀች። ስልኩን በቅጡ ሳትሸፍን አጠገቧ ላለው ሰው «የጃርቱ ሰውዬ ነው» ስትል ሰማኋት። እሱም ሳቀ። ቀጥላ እርማት የራሱ ክፍያ እንዳለው ነገረችኝ። ለራሳቸው ስህተት!

አምራቹ ለገጸ ባሕርይው ባለቤት የሚከፍለው ሮያሊቲ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከጅምላ ሽያጩ ላይ የሚቆረጥ ትንሽ ፐርሰንት ነው። ለዚያች ገጽ ያወጣሁትን ለመመለስ ስንት ፒጃማ መሸጥ እንዳለበት እናንተው አስሉት። ያውም ፈራሚ አምራች ከተገኘ።

ከመክፈላችሁ በፊት ከድሮ እትሞቻቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ገልብጣችሁ ጎግል ላይ ፈልጉት። ረቂቁን ሳታዩ ደግሞ ሳንቲም አትላኩ።